“አዎ” ማለት ገባኝ ማለት ነው? የሶቅራጥስ የጂኦሜትሪ ጥናት ሲፈተሽ

ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ካላችሁ ጠጋ አድርጉ። ዛሬ የምንገመግመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ የማስጠናት ታሪክ ነው። አስጠኚው ሶቅራጥስ ነው፤ ተማሪው ስሙ ያልተጻፈ ልጅ፤ ጥያቄው ደግሞ አንድ የጂኦሜትሪ ጥያቄ። ታሪኩ የሚገኘው የሶቅራጥስ ተማሪ የነበረው ፕሌቶ፣ በቀድሞ መጻሕፍታችን አፍላጦን የሚባለው፣ “ሜኖን” በሚል ርዕስ በጻፈው ድርሰት ውስጥ ነው።

ትዕይንቱ በመምህራን ዘንድ በጣም የተከበረ ነው። “አትንገረው፣ ጠይቀው፤ ራሱ ይደርስበታል” የሚለው የማስተማር መንገድ በተወደሰ ቁጥር እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። እኔም የምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንብቤው “ማስተማርማ እንዲህ ነው!” ብዬ ነበር። አሁን የማደንቀው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ማስተማር የሚመስል፣ ግን ማስተማር ያልሆነ ነገር ነው ባይ ነኝ። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የአክስቴ ልጅ ናት።

የቤት ሥራው ተደፈነ፣ ፈተናው ግን…

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሚኒስትሪ የምትፈተንበት ዓመት ስለነበር ቤተሰቡ ሁሉ ተጨንቋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ የአንድ ካሬ ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጎኑ በእጥፍ ቢያድግ ስፋቱ ስንት እጥፍ ይሆናል? እሷ “ሁለት እጥፍ” ብላ ጽፋለች። እኔም የሶቅራጥስን መንገድ ያዝኩ። አልነግራትም፤ እጠይቃታለሁ።

“የካሬ ስፋት ጎን ሲባዛ በጎን ነው፣ አይደል?”
“አዎ።”
“5 በ5፣ 25 ነው፣ አይደል?”
“አዎ።”
“ጎኑ እጥፍ ሲሆን 10 ይሆናላ፣ አይደል?”
“አዎ።”
“10 በ10 መቶ፤ መቶ ደግሞ የ25 አራት እጥፍ ነው፣ አይደል?”
“አዎ! ገባኝ!”

የቀሩትንም በዚሁ መንገድ ጨረስናቸው። የቤት ሥራው ከ10 አሥር መጣ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ተፈተኑ። አንዱ ጥያቄ ይህ ነበር፦ የአንድ ክብ ሬዲየስ በሦስት እጥፍ ቢያድግ ስፋቱ ስንት እጥፍ ይሆናል? መልሱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። እሷ “ሦስት” ብላለች። ውጤቷ ጥሩ አልነበረም። እኔን የከነከነኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን ያለችው ነገር ነው፦ “አንተ ስታስረዳኝ እኮ ሁሉም ገብቶኝ ነበር። በቃ ችግሩ የኔ ጭንቅላት ነው። ሒሳብ አይሆንልኝም።”

አስቡት እስቲ። አስተማሪው ሲያስረዳ ምንም ካልገባን “ማስረዳት አይችልም” ብለን ልንተወው እንችላለን። የእኔ ዓይነቱ ማስጠናት ግን ይህንን በር ዘጋባት። ገብቶኛል ብላ ስላመነች፣ ስትወድቅ ጥፋቱን የምታሳርፍበት ሌላ ሰው አጣች፤ ራሷ ላይ አሳረፈችው። አንድ ልጅ በ14 ዓመቷ “አይሆንልኝም” ብላ ከወሰነች በኋላ ሐሳቧን ማስቀየር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወደ “ሜኖን” ተመለስኩ፤ በዚህኛው ዙር እርሳስ ይዤ።

ግሩም የሆነው ግማሽ

ሶቅራጥስ ሜኖን ከተባለው እንግዳ ጋር ሲወያይ ከሜኖን አገልጋዮች አንዱን ያስጠራል። ልጁ በሜኖን ቤት ያደገ ባሪያ ነው። ግሪክኛ ይናገራል፤ ጂኦሜትሪ ግን ማንም አላስተማረውም። ሶቅራጥስ ጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ ይሥልለታል። ስፋቱ 2 በ2፣ 4 ካሬ ጫማ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ስፋቱ የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 8 ካሬ ጫማ የሚሆን ካሬ ለመሥራት ጎኑ ስንት መሆን አለበት?

ወደ ታች ሳታነቡ ግምታችሁን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ግድ የለም፣ ማንም አያይባችሁም።

ልጁ ሳያመነታ “እጥፍ ስፋት ከተፈለገ እጥፍ ጎን” ይላል፤ 4 ጫማ ማለቱ ነው። ሶቅራጥስ “ተሳስተሃል” አላለውም። ጎኑ 4 የሆነውን ካሬ ሣለና አስቆጠረው፤ 16 ሆነ። ከተፈለገው በእጥፍ በለጠ። ልጁ ከ2 የሚበልጥ፣ ከ4 የሚያንስ ቁጥር ፈለገና “3” አለ። 3 በ3 ግን 9 ነው፤ አሁንም 8 አልሆነም። በዚህ ጊዜ ልጁ አላውቅም ብሎ በግልጽ አመነ።

ይህ ክፍል በእውነት ግሩም ነው። ልጁ በመጀመሪያ የራሱን ግምት ተናገረ፤ ከዚያ ግምቱ ሥዕሉ ላይ ተፈተነ። ስህተቱን የነገረው ሶቅራጥስ ሳይሆን የቆጠራቸው ካሬዎች ናቸው። ምህንድስናም እንዲሁ ነው የሚሠራው፦ ትገምታለህ፣ ትሠራለህ፣ ትለካለህ፣ ልዩነቱን ታያለህ።

የልጁ ስህተትና የአክስቴ ልጅ ስህተት አንድ መሆኑንም ልብ በሉ። ሁለቱም ጎንና ስፋት እኩል እጥፍ የሚያድጉ መስሏቸዋል። ይህ የሞኝ ስህተት አይደለም። በየቀኑ የምናያቸው ብዙ ነገሮች እንደዚያ ናቸው፤ ሁለት ዳቦ የአንዱን እጥፍ ያስከፍላል፣ ሁለት ሰዓት መንገድ የአንድ ሰዓቱ እጥፍ ነው። ስፋት ይህን ልማድ ይሰብራል፤ ምክንያቱም ጎን ሲያድግ በርዝመትም በወርድም በኩል ያድጋል።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ልጁ የፈለገው ቁጥር በ2 እና በ3 መካከል ነው። 2.8 በ2.8፣ 7.84 ነው፤ ያንሳል። 2.83 በ2.83፣ 8.0089 ነው፤ በጥቂቱ ይበልጣል። እንዲህ እያላችሁ ብትቀጥሉ እየቀረባችሁ ትሄዳላችሁ እንጂ አትደርሱም። የ8 ስኩዌር ሩት ሙሉ ቁጥርም ክፍልፋይም አይደለም። ሶቅራጥስ ይህን ሳያብራራ ልጁን “በቁጥር መናገር ካልፈለግህ መስመሩን አሳየን” የሚል መንፈስ ባለው ጥያቄ ከቁጥር ወደ ሥዕል ያዞረዋል። በቁጥር ተጽፎ የማያልቀውን ርዝመት በአንድ መስመር ማሳየት ይቻላል። ለእኔ የድርሰቱ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው።

እርሳሱ ማን እጅ ነው?

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እናንተም ሣሉት። ደብተራችሁ ላይ 4 በ4 የሆነ ካሬ ሥሩ፤ መሐል ለመሐል በመስቀል ከፍላችሁ አራት ትንንሽ 2 በ2 ካሬዎች አድርጉት። አሁን የትልቁን ካሬ አራት ጎኖች መካከለኛ ነጥቦች በተራ በቀጥታ መስመር አገናኙ። መሐል ላይ ያዘመመ ካሬ ወጣላችሁ? እያንዳንዱ የሣላችሁት መስመር አንዱን ትንሽ ካሬ ከጥግ እስከ ጥግ ሰንጥቆ ለሁለት እኩል ይከፍለዋል። ያዘመመው ካሬ አራት ግማሾች ይዟል፤ የአንዱ ግማሽ ስፋት 2 ነው፤ አራቱ 8 ይሆናሉ። የተፈለገው ካሬ ይኸውና! ጎኑም የመጀመሪያው ካሬ ዲያጎናል ነው።

ውብ መልስ ነው። ግን በድርሰቱ ውስጥ እነዚህን መስመሮች ያመጣው ማን ነው? ሶቅራጥስ ነው። ልጁ መስመሮቹ ከመጡ በኋላ ግማሾቹን ቆጠረ፤ አራት አለ፣ ሁለት አለ፣ እጥፍ ነው አለ፣ ስምንት አለ። መቁጠሩ የራሱ ነው፤ አልክድም። ይሁን እንጂ የዚህ ጥያቄ ዋናው ጭንቀት ቆጠራው አይደለም። “ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መስመር ባሰምርስ?” የሚለው ሐሳብ ነው። ጂኦሜትሪ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጥያቄው ላይ የሌለችውን አንዲት መስመር ማን ያስባት? እሷ ከመጣች በኋላ ያለው ሥራ የጽሕፈት ነው።

ሶቅራጥስ ደግሞ በመሐል ሜኖንን “እያስተማርኩት እንደሆነ ካየህ ያዘኝ” የሚል ዓይነት ማሳሰቢያ ይሰጠዋል። ሜኖን አልያዘውም። እኔ ግን ይዤዋለሁ፤ መስመሩን ሲያመጣ።

ሁለተኛው ችግር የጥያቄዎቹ ዓይነት ነው። ብዙዎቹ “እንዲህ አይደለም ወይ?” የሚሉ ናቸው፤ የልጁም መልስ በአብዛኛው “አዎ” እና መሰሎቹ ናቸው። ሜኖን የልጁ ጌታ ነው፤ ዳር ቆሞ እያየ ነው። አንድ ባሪያ በጌታው ፊት ከጌታው ጋር የሚወያየውን ሰው “አይ፣ አልገባኝም፤ እንደገና” ለማለት ምን ያህል ነፃነት አለው? የእኛንም ቤት አስቡት። ታላቅ ሲናገር “አዎ”፣ “እሺ” ማለት ጨዋነት ነው። “አይደል?” የምትለዋ ቃል ደግሞ መልሷን በእጇ ይዛ ነው የምትመጣው። የአክስቴ ልጅ ያን ቅዳሜ ካለቻቸው “አዎ”ዎች ስንቱ ማስተዋል፣ ስንቱ አክብሮት እንደነበረ መለየት አልችልም።

ይህን በሙያዬ ቋንቋ ልግለጸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ክሎድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ መረጃን እንዴት መለካት እንደሚቻል አሳየ። “አዎ” ወይም “አይ” ብቻ የሚመለስበት ጥያቄ ቢበዛ አንድ ቢት መረጃ ይሰጣል። ያንንም የሚሰጠው ሁለቱ መልሶች እኩል የመምጣት ዕድል ሲኖራቸው ነው። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ መረጃው ዜሮ ነው። ሁልጊዜ 20 ዲግሪ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ስለ አየሩ ምንም እንደማይነግራችሁ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከልጁ መልሶች ሁሉ ስለ አስተሳሰቡ ብዙ የሚነግሩን ሁለቱ ስህተቶቹ ናቸው፤ “4” እና “3”። ከ“አዎ”ዎቹ የምናገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

ለሶቅራጥስም እንፍረድለት

ፕሌቶ ይህን የጻፈው የጂኦሜትሪ መማሪያ ለማዘጋጀት አይደለም። ሊያሳይ የፈለገው ዕውቀት በነፍስ ውስጥ አስቀድሞ እንዳለና መማር ማለት ማስታወስ መሆኑን ነው። ልጁ ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ ሆኖ የቀረበ ነው። ማስረጃነቱ ግን በዚያው ምክንያት ይደክማል፤ መስመሩ ከሶቅራጥስ ከመጣ ልጁ ምኑን አስታወሰው?

ብዙዎቻችን የምንዘለው አንድ ነገርም አለ፤ እኔም ዘልዬው ነበር። በመጨረሻ ላይ ሶቅራጥስ ራሱ የልጁ ሐሳቦች ገና እንደ ሕልም ናቸው ይላል። አንድ ሰው ስለዚያው ጉዳይ ደጋግሞ፣ በተለያየ መንገድ ቢጠይቀው ግን በኋላ እንደማንም ጠንቅቆ ያውቃል ይላል። ስለዚህ ሶቅራጥስ ችግሩን ያውቀዋል። ድርሰቱ ያንን ሁለተኛ ጥያቄ አያሳየንም እንጂ። ልጁ ከትዕይንቱ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደቀረለት የሚጠይቀው የለም። አስጠኚው አሸንፏል፤ የተማሪው ጉዳይ ግን አልተዘጋም። እኔም ከ10 አሥሩን አይቼ ደብተሩን የዘጋሁት እንደዚያው ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት ይህን ነገር በደንብ ያየው ጆርጅ ፖያ ነው። በቡዳፔስት ተወልዶ በዙሪክ፣ በኋላም በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሒሳብ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ ጥያቄ አፈታት ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ውስጥ ጥሩና መጥፎ ጥያቄን ይለያል። አንድ ተማሪ የሣጥን ዲያጎናል ለማግኘት ሲቸገር “የፓይታጎረስን ቴረም ብትጠቀምበትስ?” ማለት መጥፎ ነው ይላል። ተማሪው ለመልሱ ቀርቦ ከሆነ አያስፈልገውም፤ ካልቀረበ ደግሞ ከየት እንደመጣ አይገባውም። ምሥጢሩ ግን ሁሉ ተነግሮታል። ከዚያ ይልቅ “የሚፈለገው ምንድን ነው?”፣ “ይህን የመሰለ ጥያቄ ከዚህ በፊት አይተሃል?” የሚሉትን ይመርጣል፤ እነዚህን ተማሪው ነገ ብቻውን ሲሆን ራሱን ሊጠይቃቸው ይችላል። መልሱ ከተገኘም በኋላ ዞር ብሎ ሥራውን መመርመር የመፍታቱ አንድ ደረጃ ነው ይላል። “ሜኖን” የጎደለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ

ከፈተናው በኋላ የአክስቴን ልጅ እንደገና ቁጭ አደረግኳት። ለራሴ ሁለት ሕግ አወጣሁ፦ እርሳሱን አልነካም፤ “አይደል?” አልልም።

“ከመደበኛው ምጣድ ሌላ፣ ዲያሜትሩ ግማሹ የሆነ ትንሽ ምጣድ አለ እንበል። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ስንት ትንንሽ እንጀራ አንዱን ትልቅ ያክላል?” አልኳት።

“ሁለት” አለች።

“ሣዪውና አረጋግጪ።”

ሁለት ክብ ሣለች። ክብ መቁጠር ግን አስቸገራት። ዝም አልኩ። እመኑኝ፣ ዝም ማለት ከማስረዳት ይከብዳል፤ ምላሴን ነክሼ ነው የቆየሁት። ከብዙ ማጥፋትና መሣል በኋላ እያንዳንዱን ክብ በሚነካው ካሬ ውስጥ አስገባችው። ትልቁ ካሬ ውስጥ ትንሹ ካሬ አራት ጊዜ ገባላት። “አራት!” አለችና ወዲያው ፊቷን ቋጠረች። “ግን እንጀራው ካሬውን አይሞላም እኮ። ጥጎቹ ባዶ ናቸው።”

ይህችን ጥያቄ እኔ አላሰብኳትም ነበር። ትንሽ ቆየችና ባዶዎቹ ጥጎች በሁለቱም ሥዕሎች ካሬውን በእኩል ድርሻ እንደሚያጎድሉ አየች፤ ትልቁ ሥዕል የትንሹ ግልባጭ ነው፣ ተለቅ ብሎ። ስለዚህ ለካሬ አራት ከሆነ ለእንጀራም አራት። ከዚያ ሳልጠይቃት የፈተናዋን ወረቀት አወጣችና “ሦስት” ያለችውን ሰርዛ “ዘጠኝ” ብላ ጻፈችበት። በዚያ ቀን “ገባኝ” የሚለውን ቃል አልተናገረችም። እኔም አልፈለግኩትም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ረጅም ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥር ጥያቄ በጨረስንበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሠራነው። ነገ የሚረከብ የቤት ሥራ ሲኖር ይህ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሁሉም ጥያቄ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ከአሥሩ ለአንዱ ግን ይቻላል። በሚቀጥለው ፈተና የሳተችው ነበር፤ የሳተችበትን ቦታ ግን ራሷ ናት ያሳየችኝ።

እንግዲህ እናንተ

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በሁለቱም ወንበር ትቀመጣላችሁ። ታላቅ ወንድም ወይም አስጠኚ ያስጠናችኋል፤ እናንተ ደግሞ ታናናሾቻችሁን ታስጠናላችሁ። አሁን አሁንማ ጥያቄውን ፎቶ ሲያነሱት ደረጃ በደረጃ ሠርቶ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያም አለ። እሱንም እያያችሁ “አዎ፣ አዎ” ልትሉ ትችላላችሁ፤ የኔና የሶቅራጥስ ወንድም ነው።

ስትጠኑ፣ ማብራሪያውን ከመስማታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ፤ ስህተት ቢሆን እንኳ ከማንኛውም “አዎ” የበለጠ ዋጋ አለው። እርሳሱን አታስረክቡ። ሲያልቅ ቁጥሩን ወይም ቅርጹን ቀይራችሁ ብቻችሁን ሞክሩት፤ ካሬ ከነበረ ክብ፣ እጥፍ ከነበረ ሦስት እጥፍ። ካልሆነላችሁ የጭንቅላታችሁ ጉዳይ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ መጀመሪያ ያን ጊዜ መስመሩን ያሰመረው ማን እንደነበር አስታውሱ። ስታስጠኑ ደግሞ አፋችሁ ላይ “አይደል?” ስትመጣ ዋጧትና “ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ?” ወይም “ምን ታደርጋለህ?” በሉ።

“ሜኖን”ን ግን አንብቡት። እስከ “አላውቅም” ድረስ ያለውን እንደ ትምህርት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ ማስጠንቀቂያ።

የአክስቴ ልጅ ስትሄድ በር ላይ ቆማ የጠየቀችኝን ለእናንተ ላስተላልፍ፦ “የውኃ ታንከር ቢሆንስ? ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም እጥፍ ቢሆን ስንት እጥፍ ውኃ ይይዛል?” ግምታችሁን ጻፉ፤ ከዚያ ሣሉት። እኔ እርሳሱን አልነካም።